«እስከ መቼ ነው የምውጠው?» ስለ ድብርት መድኃኒት የተሠራ አንድ ጥናት ሲመረመር

ከወላጆቻችን ጋር ኩፓት ሆሊም ሄደን የምናስተረጉም ልጆች ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን። እናቴ ለድብርት፣ በዕብራይስጥ ዲካኦን ለምንለው፣ የታዘዘላትን ክኒን መውሰድ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። «እስከ መቼ ነው የምውጠው?» ስትል ሐኪሙ «ከተስማማሽ ቀጥዪ» አላት። እኔም ተረጎምኩ፤ መልሱ በምን ላይ እንደቆመ ግን አላውቅም ነበር።

በ2018 ላንሴት ላይ የወጣው ትልቁ ግምገማ 522 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ መድኃኒቶቹ ከባዶ ክኒን እንደሚሻሉ አሳይቷል። ነገር ግን የተለካው በአብዛኛው 8 ሳምንት ገደማ ነው። ሰው የሚወስደው ለዓመታት ነው።

በእንግሊዝ ተሠርቶ በ2021 የወጣው አንትለር የተባለው ጥናት ወደ እናቴ ጥያቄ ይቀርባል። 478 ሰዎች ተሳተፉ፤ ሁሉም መድኃኒቱን ከ9 ወር በላይ የወሰዱና ለማቆም እስኪያስቡ ድረስ ደህና የሆኑ ናቸው። በዕጣ ግማሹ ቀጠሉ፤ ግማሹ ቀስ በቀስ ወደ ባዶ ክኒን ተዛወሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀጠሉት 39 በመቶ፣ ካቆሙት 56 በመቶ ሕመሙ አገረሸባቸው።

ጥናቱ ጠንካራ ነው፤ መቀጠል ብዙዎችን እንደሚጠብቅ ያሳያል። ይሁን እንጂ 56ን ብቻ የሚጠቅስ ሰው ካቆሙት 44 በመቶ ደህና እንደቆዩ ይደብቃል። ደግሞም የማቆሚያው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነበር። መድኃኒት ሲቋረጥ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ራሱን ሕመሙን ይመስላል። ስለዚህ አገረሸ ከተባለው ውስጥ ምን ያህሉ የማቋረጥ ምልክት እንደሆነ መለየት ይከብዳል። በ2022 የወጣው የእንግሊዝ የናይስ መመሪያም መጠኑ በደረጃ፣ እንደ ሰውዬው ሁኔታ እንዲቀነስ ይመክራል።

ስለ ደህንነትስ? አንድ ዓመት ለዚህ አይበቃም። የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የክብደት መጨመር የታወቁ ናቸው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል፤ እንደ አይቡፕሮፌን ካለ ማስታገሻ ጋር ሲወሰዱም የመድማት አደጋው ይጨምራል።

ሌላም አለ። ማገርሸቱ የተለካው በመጠይቅ ነው፤ የተሳተፉትም በአብዛኛው ነጮች ናቸው። እናቴ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ስትል በየትኛው ጥያቄ ሥር ይመዘገባል? «ሆዷን ያማታል» ብለን ብንተረጉም የሆድ ምርመራ ይታዘዝላታል።

ከዚህ ተነስቶ ክኒኑን በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም አይገባም። እኛ ግን የምናስተረጉመው ጥያቄ ሊሻሻል ይችላል፦ ለምን ተጀመረ? አሁንስ ምን እየጠቀማት ነው? ብታቆም በስንት ወር፣ በማን ክትትል? በሚቀጥለው ቀጠሮ እነዚህን ጠየቅን። እናቴ ለጊዜው መቀጠልን መረጠች። ሐኪሙም የሶዲየም የደም ምርመራ አዘዘላት፤ በሦስት ወር እንመለሳለን።