የታማኞች ክህደት

የዲስቶፒያ ልቦለድ አንባቢ መጀመሪያ የሚያድነው ከሃዲውን ነው። ማን ጠቆመ? ማን ሸጠ? የሱዛን ኮሊንስ «ሞኪንግጄይ» (እ.ኤ.አ. 2010) ይህን አደን ከንቱ ያደርገዋል። የዋና ገጸ ባሕሪዋ የካትኒስ እህት ፕሪም የሞተችበት ቦምብ ሁለት ጊዜ የሚፈነዳ ነው፤ መጀመሪያ ሲፈነዳ ሰው ይቆስላል፣ ረዳቶች ሲሰበሰቡ ደግሞ ይደግማል። ይህን ዘዴ በካፒቶል አገዛዝ ላይ ለተነሣው ዐመፅ ሲሉ ካሰቡት አንዱ የካትኒስ የአደን ጓደኛ ጌል ነው። ፕሪምን የገደለው የእሱ ቦምብ ይሁን አይሁን ራሱም አያውቅም። ጌል ማንንም አልከዳም፤ ለዐላማው እስከ መጨረሻው ታማኝ ነበር። ካትኒስ ይቅር ልትለው ያልቻለችውም ይህን ታማኝነቱን ነው። ከሃዲ ቢሆን ኖሮ ጠልታው በተገላገለች።

በአዲስ አበባ ጦር ኃይሎች አካባቢ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ከመጽሐፉ ይልቅ በፊልሙ የሚያውቅ ወጣት ሳይበዛ አይቀርም። ያ ወጣት ከሰፈሩ ቀላል ባቡር ተሳፍሮ ስታዲየም ቢወርድ፣ ትንሽ እንደተራመደ መስቀል አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ያገኛል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት የከሰከሱት በዚሁ አደባባይ ነው። ኮሊንስ ይህን ትዕይንት ፈጥራ ብትጽፈው አርታኢዋ «በዛ» ብሎ የሚሰርዝባት ይመስለኛል።

ጌል የሚያነሣውን የታማኝነት ጥያቄ ከልቦለድ ውጭ በሙሉ ክብደቱ የማገኘው በሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ውስጥ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የታተመ የሕይወት ታሪክ ስለሆነ ከልቦለድ ጋር ማወዳደሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እዚህ የሞተው ሰው በእርግጥ ሞቷል። ሕይወት ከሐረር ለዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት ነበረች። ወደ ትግሉ ያስገባት ፍቅረኛዋ ጌታቸው ማሩ ደርግን ይታገል በነበረው በኢሕአፓ አመራር ውስጥ ሆኖ የከተማውን የትጥቅ ትግል ተቃወመ። «አንጃ» ተባለ። የገዛ ድርጅቱ አሰረው፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በድርጅቱ እጅ እንዳለ ተገደለ። ሕይወት በበኩሏ በደርግ እስር ቤት ዓመታት አሳልፋለች።

አንባቢን የሚያስጨንቀው የእሷ ዝምታ ነው። ፍቅረኛዋ በጓዶቿ እጅ መሆኑን እያወቀች የድርጅት ሥራዋን አላቆመችም። ይህን የሚያነብ የዛሬ ወጣት «እንዴት አስቻላት?» ብሎ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ነገር ግን በሕቡዕ ሴል ውስጥ መጠየቅ ራሱ የአንጃነት ምልክት ነበር። ውጭ አሰሳ አለ፣ ቀበሌ አለ፣ አብዮት ጠባቂ አለ፤ ከድርጅቱ ሌላ መጠጊያ የለም። የመጽሐፉ ጥንካሬ ደራሲዋ ያንን የሃያ ዓመት ጭንቅላት በኋላ ባገኘችው ጥበብ ልታስተካክለው አለመሞከሯ ላይ ነው። ካትኒስ ቢያንስ በዐመፁ መሪ በኮይን ላይ ቀስቷን ማዞር ችላለች፤ ሕይወት የምታነጣጥርበት ፊት አልነበራትም። ፍርዱ የኮሚቴ ነበር፤ ኮሚቴ ደግሞ ይቅርታ አይጠይቅም።

የቬሮኒካ ሮዝ «ኢንሰርጀንት» (እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ዳይቨርጀንት» የተጀመረው ታሪክ ሁለተኛ መጽሐፍ) ከእኛ ታሪክ ጋር ሲነበብ የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ትሪስ የጓደኛዋን የክርስቲናን ፍቅረኛ ዊልን መግደሏን የምትናገረው በአደባባይ፣ እውነት የሚያናግር መድኃኒት ተወግታ ነው። ክርስቲና ትሰማለች፣ ትርቃታለች፣ ቀስ በቀስም ትመለሳለች። ሮዝ ይህን በመድኃኒት ሥር የተነገረ ኑዛዜ የዕርቅ መጀመሪያ ታደርገዋለች። የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሰው ራሱንና ጓዱን «እንዲያጋልጥ» ሲጠራ ያየ አገር ግን ያን ትዕይንት በየዋህነት ማንበብ አይችልም። እዚያ የተነገረ ስም ማታውን ሰው ያስወስዳል። እውነት መናገርና ወዳጅ መሸጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ፣ ቆይቶ የሚመጣው ይቅርታ የትኛውን እንደሚመለከት መለየት ያዳግታል። ሮዝ ይህን አላየችውም፤ ወይም አይታ አልፋዋለች።

ኮሊንስ በካትኒስ ወዳጅ በፒታ በኩል የተሻለ መንገድ ይዛለች። ካፒቶል ትዝታውን መርዞ ካትኒስን ጠላቱ አድርጎ መልሶ ሲልከው አንገቷን ያንቃታል። ከዚያ የሚመጣው አንድ ትልቅ የይቅርታ ንግግር አይደለም። የሚያስታውሰውን ነገር አንድ በአንድ ያነሣል፣ እውነት ይሁን ሐሰት ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልስለታለች። ዕርቁ የሚሠራው በዚህ አሰልቺ ማጣራት ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የሚጠይቅ ሰውና የሚያውቅ ሰው፣ ሁለቱም በሕይወት።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ በአመዛኙ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ከጦር ኃይሎች ብዙም በማይርቀው ኮልፌ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ፣ በኋላ በመሯት አገር አጥፊው ሙሉ እውነቱን ከተናገረ ምሕረት የሚያገኝበት ኮሚሽን ተቋቁሟል። ኢትዮጵያ ልዩ ዐቃቤ ሕግ አቋቁማ የደርግ ባለሥልጣናትን ከሰሰች፤ በ2003 ዓ.ም. የአንዳንዶቹ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥ ምሕረቱን የጠየቁት የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። ዘመዶቻቸውን ካጡት መካከል ይህን ያልተቀበሉ ነበሩ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው ካለ የፒታን ምዕራፎች ቢያነብ ይሻላል። የጌታቸው ዓይነት ሞት ደግሞ የዚያ ክስ ዋና ጉዳይ አልነበረም።

እስካሁን ያነበብኳቸው የዚያ ዘመን ትዝታዎች የሚጻፉት ከተጎጂው ወይም ከአመራሩ ወገን ነው። ጌታቸው የታሰረበትን ቤት በር ይጠብቅ የነበረው ወጣት አይናገርም። እሱም ምናልባት ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ በዐላማው የሚያምን ልጅ ይሆናል። በአማርኛ ለወጣቶች ዲስቶፒያ የሚጽፍ ሰው ሲነሣ የወደፊት ከተማ መፍጠር አያስፈልገውም፤ ያን ልጅ በሩ ላይ ያቁመውና የተሰጠውን ትእዛዝ ሲሰማ ያሳየን።