ከሙሻ ባሕር ወደ አዲስ አበባ ደጋ

ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ብዙም አይርቁም፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ዕቅዱም ቀላል ይመስላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚያ ለሚጠልቅ ሰው ግን የጉዞው ከባድ ክፍል መመለሻው ነው። ዕቅዱን ከኋላ ወደ ፊት መሥራት አለብን የምለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ የመመለሻው ሰዓት ይቆረጥ፣ ቀጥሎ የመጨረሻው ጠለቃ፤ ጀልባው፣ ማደሪያውና የቀኖቹ ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ምክንያቱ ናይትሮጅን ነው። በ20 ሜትር ጥልቀት ሰውነት ላይ የሚያርፈው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 3 እጥፍ ነው፤ ከሲሊንደሩ የሚተነፈሰውም አየር በዚያው ግፊት ስለሚመጣ ናይትሮጅኑ ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ጠላቂው ከውሃ ከወጣም በኋላ ጋዙ በሳንባ በኩል ቀስ እያለ ለሰዓታት ይወጣል። በዚህ መሃል ወደ ከፍታ ከተጓዘ ግፊቱ እንደገና ይቀንስና የቀረው ጋዝ አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ሲብስም ሽባነት የሚያመጣው ይኸው ነው። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ካካሄደው የባለሙያዎች ስብሰባ የወጣው መመሪያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከበረራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀን የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመክራል። ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው የግድ መቆም ያስፈለገው ከሆነ ከዚያም በጣም የበለጠ ይጠብቃል። ቁጥሮቹ የተሰሉት ግን የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ካለ ከፍታ ጋር ለሚመጣጠንበት በረራ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ወደ ዱባይ የሚበር ጠላቂ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ባሕር ጠለል ላይ ያርፋል፤ የእኛው ተሳፋሪ ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል በሆነበት ከተማ ይውላል፣ ያድራል። ስለዚህ 18ቱን ሰዓት ዝቅተኛው መነሻ አድርጌ 24 እይዛለሁ፤ ቤቱ ወደ እንጦጦ ዳገት ለሆነ ሰው ደግሞ አንድ ሌሊት እጨምራለሁ። ይህ የመመሪያው ቃል አይደለም፣ የራሴ ጥንቃቄ ነው።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መጠበቁ አያስፈልግም የሚል ክርክር ይነሳል። ድሬዳዋ ሲደርስ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መመሪያው የሚነሳበትን 600 ሜትር ካለፈ ቆይቷል። ሕመሙም ቢነሳ የሚነሳው በመንገድ ላይ፣ ከሐኪም ርቆ ነው። “ደገኛ ነኝ፣ ከፍታ ለምዶኛል” የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ደገኛ ሰውነት የለመደው የኦክስጅንን ማነስ ነው፤ ናይትሮጅን ልማድ አያውቅም። ከደጋ ሲወርዱ በሰውነት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከቆላው ሰው ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባሕሩ ዳር አንድ ቀን ገደማ ሲያድሩ ልዩነቱ ይጠፋል።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶ የመጨረሻውን ቀን ያለ ጠለቃ ማሳለፍ ያንገበግባል። እዚህ ላይ ግን ቦታው ራሱ ያግዘናል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ጠረፍ አጠገብ፣ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ፕላንክተን ለመብላት ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል፤ የሚመጡትም በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። እነሱን ለማየት መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል፤ ሲሊንደር የለም፣ ስለዚህ አዲስ የሚጠራቀም ናይትሮጅንም የለም። (ከጠለቃ በኋላ ትንፋሽን ይዞ ወደ ጥልቁ መውረድ ግን አይመከርም፤ ከላይ ሆኖ ማየት ነው።) ለብዙዎች የጉዞው ትልቁ ቀን ይህ ይሆናል። ፕላንክተኑ ውሃውን ስለሚያደፈርስ ግን በዚሁ ወቅት ጥርት ያለ እይታ አይጠበቅም። በሰኔና በነሐሴ መካከል ደግሞ ኀምሲን የተባለው ሞቃት ነፋስ አቧራ ይዞ ስለሚነፍስ፣ ወቅቱን አልመክርም።

የመጀመሪያው ቀንም በዚሁ ስሌት ይገባል። ጨዋማ ውሃ ከጣፋጩ ወደ 3 በመቶ ስለሚከብድ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የሠለጠነ ሰው ባሕር ላይ ለክብደት ጥቂት ኪሎ ተጨማሪ እርሳስ መታጠቅ አለበት። ሳይለካ ብዙ የታጠቀ እንደሆነ ወደ ታች ይሰምጥና ኮራሉ ላይ ያርፋል። ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው በሴንቲ ሜትር የሚለካ ብቻ ስለሆነ፣ በጠላቂው የእግር መቅዘፊያ አንዴ የተመታ ቅርንጫፍ ለመተካት ዓመታት ይፈልጋል። ሁለቱም ደሴቶች ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ሕጉ ግን ሰው ውሃ ውስጥ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማድረግ አይችልም። የመጀመሪያው ጠለቃ አሸዋማ ወለል ላይ፣ እርሳስ ለመለካት ብቻ ይዋል። ጀልባ ለመከራየት ሲደወልም ከዋጋው በፊት ደሴቱ ጋ መልሕቅ ይጥል እንደሆነ ወይስ ተንሳፋፊ ምልክት ላይ ይታሰር እንደሆነ ይጠየቅ። መልሕቅ እጥላለሁ የሚል ከሆነ የት ላይ እንደሚጥል ይናገር፤ አሸዋ ካላለ ሌላ ጀልባ ይፈለግ።