እንባና ቁጣ፦ የስሜት ክፍፍል በቴሌቪዥን ድራማ

የቴሌቪዥን ድራማ የወንድንና የሴትን ስሜት እንዴት ይለያል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ማን ይበልጥ ያለቅሳል ወደሚል ቆጠራ እናመራለን። በበኩሌ መጠየቅ ያለበት ስሜቱ በታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበውን «ሰው ለሰው»ን እንመልከት። አበበ ባልቻ የተጫወቱት አስናቀ ሲቆጣም ሆነ ዝም ሲል ሌሎች ይንቀሳቀሳሉ፤ ሴራ ይጠነሰሳል፣ ቤት ይናጋል። የሴቶቹ እንባ በአንጻሩ የደረሰውን ጉዳት በአመዛኙ ይመሰክራል እንጂ ቀጥሎ የሚሆነውን አይወስንም። የወንዱ ስሜት ምክንያት፣ የሴቷ ውጤት ሆኖ ይቀመጣል።

በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ያቀረበው የቱርኩ «ኩዚ ጉኒ» ነገሩን ያወሳስበዋል። ኩዚ በወንድሙ ፈንታ ታስሮ የወጣ ቁጡ ሰው ነው፤ ቁጣው ከቁስል የመነጨ መሆኑን ድራማው በትዕግሥት ያሳየናል። እንዲህ ያለው ምክንያት ፍለጋ ለሴት ቁጣ እምብዛም አይደረግም፤ በዚህ ዓይነት ድራማ የተቆጣች ሴት ብዙውን ጊዜ ምቀኛ ወይም ነዝናዛ ሆና ትቀርባለች። ትርጉሙም የራሱን ድርሻ ያክላል። ቱርክኛ በተውላጠ ስም ጾታ አይለይም፤ አማርኛ ግን «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ከማለት አያመልጥም። እዚያ ለሁሉም አንድ የሆነው የፍቅርና የቁጣ ቃል፣ ወደኛ ሲመጣ ለወንድ ሌላ፣ ለሴት ሌላ ነው።

ይህ ባህላችን ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። «ወንድ አያለቅስም» መባሉ እውነት ነው። ሆኖም በለቅሶ ቤት ወንዱም ደረቱን እየመታ ያለቅሳል፤ የአስለቃሿ ሙሾም ከእንባ አልፎ ሟቹን ያወድሳል፣ አንዳንዴም ሕያዋንን ይወቅሳል። እዚያ የሴት ኀዘን ሥልጣን አለው። ስለዚህ ጥበቱን ከባህሉ ይልቅ ከመስኮቱ መፈለግ ይገባል። መስኮቱ ሊሰፋ እንደሚችልም ቅድስት ይልማ ያዘጋጁት፣ በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ጠቁሟል፤ ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወቱት እናና ክብራቸው በእንባቸው ብዛት አይለካም።

ነገሩ በስደት ምድር ይበልጥ ይከብዳል። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሳድል ሪጅ የሚያድግ ልጅ ከቤቱ ውጭ የሚሰማው አማርኛ ጥቂት ነው፤ ሙሾም እንደ ልብ አያገኝም። የስሜት ቋንቋውን ከዚህ መስኮት ብቻ ከተማረ፣ ኀዘኑን የሚናገርበት ቃል ሳይኖረው ቁጣን ይዞ ያድጋል፤ እኅቱም እንባን ትወርሳለች፣ ቁጣዋን ግን የሚያደምጥላት አታገኝም።