ከቶኪዮ በኋላ ያለው አበበ

ስለ አበበ ቢቂላ አብዛኞቻችን የያዝነው ሁለት ምስል ነው። አንደኛው ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ሁለተኛው ቶኪዮ ላይ ውድድሩን ጨርሶ ሜዳው ውስጥ ሰውነቱን ሲያፍታታ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዘጠኝ ዓመታት «ወይ ዕድል!» ብለን እናልፋቸዋለን። «አትሌቱ» የተባለውን ፊልም የወደድኩት ክብደቱን እኛ በምንዘለው ዘመን ላይ ስለጣለ ነው። ቅሬታዬም የሚመነጨው ከዚያው ነው።

ፊልሙ የወጣው በ2009 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር አዘጋጅቶታል፣ አበበንም ሆኖ ተውኗል። የድሮ ቀረጻና የተተወነ ትዕይንት እያፈራረቀ ይሄዳል፦ መኪናው፣ እንግሊዝ አገር ያለው ሆስፒታል፣ የኖርዌይ በረዶ፤ በየመሀሉ ሮምና ቶኪዮ ብቅ ይላሉ።

እኔ ያየሁት ሳንጃ ነው፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ፣ መሽቶ ሙቀቱ ጋብ ሲል። አብረውን የተቀመጡ አንድ ማሽላ አራሽ አባት የቶኪዮው ሩጫ ሲመጣ ጠጋ ብለው አዩና «ይሄ ልጅ ፊቱ ምንም አይልም እኮ! እግሩ ብቻ ነው የሚሄደው» አሉ። ስለ አበበ ሩጫ ከዚህ የተሻለ ሂስ አላነበብኩም። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ በ1965 ባወጣው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም ውስጥ የገባውም ይኸው ነገር ነው፤ ካሜራው አበበን ከሩቅ ስቦ፣ እርምጃውን አዘግይቶ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ምን እያሰበ እንደሆነ ሊነግረን አይሞክርም። ራሴላስም ዝምታውን በደንብ ይዞታል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ትወና ከእውነተኛው ቀረጻ ጎን ሲቀመጥ ይጎዳል። የተተወነው አበበ እንድንረዳው ይፈልጋል፣ የቀረጻው አበበ ግን ስለ እኛ ግድም የለው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አበበ 16 ማራቶን ሮጧል። በመጀመሪያው ሁለተኛ ወጣ፣ 12ቱን አሸነፈ፣ በ1963 ቦስተን ላይ አምስተኛ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አልጨረሰም። ቶኪዮ ላይ 2፡12፡11 የገባው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ነው። እኛ ይህን እንደ ተአምር ነው የምናወራው። ሰውነት ግን ሒሳቡን ይይዛል። ከ1967 ጀምሮ እግሩ ያስቸግረው ነበር፣ በ1968 ሜክሲኮ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ወጣ። የባቱ ቀጭኗ አጥንት ተሰንጥቃ ነበር። በዚያ ቀን ማሞ ወልዴ ወርቁን ወሰደ፣ እኛም ዓይናችንን ወደ ማሞ አዞርን (የማሞ ነገር ራሱን የቻለ ፊልም ይፈልጋል)።

ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች ጨዋታ እዚህ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዚያ ጨዋታ ፈጣን ወርዋሪ የሚባለው ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ ኳሷን በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይለቃታል። አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ በ1973 የጀርባ አጥንቱ ተሰነጠቀ፤ ልክ እንደ አበበ እግር፣ ከመደጋገም የመጣ ስንጥቅ። በጄሶ ታስሮ ከረመ፣ ተመለሰ፣ በአገር ለአገር ግጥሚያ 355 ተጋጣሚዎችን አስወጥቶ ጡረታ ወጣ። የእነሱ ጸሐፊዎች ስለ ፈጣን ወርዋሪ ሲጽፉ ጀርባውንና ጉልበቱንም አብረው ይጽፋሉ። የሥራ ታሪክ ነዋ! ሰውየው ሥራው ሰውነቱን እንደሚበላ እያወቀ ነው በማግሥቱ የሚነሳው። የእኛ የሯጭ ታሪክ ግን ከገድል አይዘልም፣ በገድል ውስጥ ደግሞ የባት አጥንት ቦታ የለውም።

ስለዚህ እኔ ከ«አትሌቱ» የፈለግሁት ረዘም ያለ ሜክሲኮ ነበር። የሁለት ኦሊምፒክ አሸናፊ የሆነ ወታደር ቆሞ ሌሎቹ ሲያልፉት ማየት። መጋቢት 1969 ላይ ቮልስዋገኑ የተገለበጠችው ሩጫው አስቀድሞ ከከዳው ሰው ጋር ነው። ይህን ሳናይ ከወርቁ በቀጥታ ወደ አደጋው ስንሻገር፣ ጥፋቱ ሁሉ የአንዲት ሌሊት ይሆናል። ቮልስዋገን ደግሞ ከቶኪዮ በኋላ ከተሰጡት ሽልማቶች አንዱ ነበር። ያኔ ኦሊምፒክ በገንዘብ የሚሮጥ ሰው አይቀበልም፤ የአበበ ደመወዝ የክብር ዘበኛ ማዕረጉ ነው፣ ሽልማቱም ከንጉሡ እጅ የሚመጣ። ማዕረግ፣ ቤት፣ መኪና። ስለ እግሩ የጠየቀ ማን ነበር? አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ምናልባት።

ኖርዌይን በተመለከተ ፊልሙን አደንቃለሁ። ወገቡ በድን የሆነ ሰው በ1971 በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ልብ ወለድ ቢሆን «አጋነንከው» እንለው ነበር። ያም ሆኖ ይህን እንደ ሦስተኛ ወርቅ እንድናየው የሚገፋፋን ነገር አለ፣ እኔ እዚያ ላይ እምቢ እላለሁ። በበረዶው ላይ ያየሁት መወዳደር ብቻ የሚያውቅ፣ ሌላ ሥራ ያልተማረ ሰው ነው። በጥቅምት 1973 ሲሞት 41 ዓመቱ ነበር። ልጁ ጽጌ አበበ በ1996 በእንግሊዝኛ የአባቷን ታሪክ ጽፋለች፤ ፊልሙን ያያችሁ እሱን ፈልጋችሁ አንብቡ፣ በተለይ ከቶኪዮ በኋላ ያለውን።