ስለ ደራስያን ማኅበርና ስለ «ኦሮማይ» መጽሐፍ የቀረበ ሐተታ

ማኅበር ማለት የሰዎች መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያነሣው የተገባቡት ኪዳን ነው እንጂ። ይህ ትርጓሜ እውነት ከሆነ፥ የደራስያን ማኅበር ማኅበርነቱ የሚመረመረው በሽልማቱና በግብዣው ቀን ሳይሆን፥ ከጸሐፊዎች አንዱ በጻፈው ነገር የተጠላ ዕለት ነው።

በ1934 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሶቪየት ደራስያን ኅብረት ለአባሎቹ መኖሪያ ቤትና የማረፊያ ስፍራ ይሰጥ ነበር። ዳሩ ግን አና አኽማቶቫን በ1946፥ ቦሪስ ፓስተርናክን በ1958፥ አሌክሳንደር ሶልዠኒትሲንን በ1969 እ.ኤ.አ. ከማኅበር ያስወጣቸው ይኸው ኅብረት ነው። መንግሥት በገዛ እጁ መምታት አላስፈለገውም፤ በትሩን ለደራስያን አስይዞ ባልንጀሮቻቸውን አስመታቸው።

በአገራችን የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያው ዘመን በቅኔ ቤት ያደገው አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን ቢያሳትም መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ እርሱም ኋላ ወደ ጎሬ ተግዞ ተቀመጠ። በደርግም ዘመን መርምሮ የሚያሳልፈው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም የመንግሥት ነበር። ወረቀቱም ፈቃዱም ከአንድ እጅ በሚወጣበት አገር ማኅበር ቢኖርም ኃይሉ የልመና ኃይል ነው።

በዓሉ ግርማ ከዚህ ቤት ደጅ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳተመው፤ ጥቂት ጊዜ ከተሸጠም በኋላ ያሳተመው መንግሥት መልሶ ሰበሰበው። ደራሲው ከሹመቱ ተሻረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መቃብሩ ይህ ነው ብሎ ያሳየ የለም።

መጽሐፉ በሚዛን ሲመዘን ነቀፋም ምስጋናም አለበት። ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለው ጋዜጠኛ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሄዶ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር የሚወድቅበት ፍቅር እጅግ ይፈጥናል፤ የስለላውም ነገር አንባቢን ለማጓጓት የተቀመመ መሆኑ ይታወቃል። ምስጋናው ግን ከነቀፋው ይበልጣል፤ ባለታሪኩ የመንግሥት አፍ ሆኖ ሳለ ለሌላው የሚሰብከውን ቃል ራሱ ማመን ሲያቅተው፥ የናቅፋም ተራራ የወጣቱን ደም ሲጠጣ፥ ደራሲው ይህን ሳያድበሰብስ ጽፎታል። የመጽሐፉም ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ሆኖ «ከእንግዲህ አበቃ» እንደ ማለት ነው።

በቅኔ ሕግ ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ ሰሚው ደክሞ ያገኘው ዘንድ ነው። በ«ኦሮማይ» ግን ሰሙ እጅግ ስስ ነው፤ ሹማምንቱ በልብ ወለዱ ሰዎች ውስጥ የገዛ መልካቸውን አዩ ይባላል። የቅኔ መምህር ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረው ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ሺህ ወጣት ባለቀበት ነገር ላይ ሰም ማወፈር ጥበብ ሳይሆን መሸሸግ ይሆን ነበርና፥ ጉድለቱ ለደራሲው ክብር ሆኖለታል።

በቦርከና ዳር ባለው በጨፋ ሸለቆ፥ በከሚሴና በአካባቢዋ፥ ሕዝቡ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል። በንጉሡ ዘመን የኦሮምኛ ጽሑፍ የማተሚያ በር በተዘጋበት ጊዜ እንኳ በወሎ ምድር መንዙማ በየቋንቋው በቃል ይዜም ነበር። የቃል ባለቅኔ ማተሚያ አይጠይቅም፤ ማኅበሩም አድማጩ ነው። መጽሐፍ የሚጽፍ ግን ወረቀትና ፈቃድ ያሻዋልና በቀላሉ ይታነቃል፤ ስለዚህም ጠበቃ የሚሆነው ማኅበር የሚያስፈልገው ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ነው።

እንደ ጨፋ ባለ የግጦሽ አገር የሚኖር ሰው የከብት መጥፋት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በቀድሞው ዘመን በብዙው የአገራችን ክፍል ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አገሬው በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ሌባው ሳይታወቅ በቀላሉ አይበተንም ነበር። ለአንድ በሬ ይህን ያህል የተደከመ እንደ ሆነ፥ ከቤቱ ወጥቶ ለቀረ ደራሲ የሚቀመጥ ጉባኤ መታጣቱ ምንኛ የሚያሳዝን ነው!

«ኦሮማይ» ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በውጭ አገር ወጥቷል። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ጸሐፊው ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ዛሬም ሆነ ነገ በደራስያን ስም የሚሰበሰቡ ሁሉ መተዳደሪያ ደንባቸውን ሲጽፉ፥ ስለ አባልነት መዋጮና ስለ ሽልማት ከሚደነግጉት አንቀጽ በፊት፥ አንዱ በብዕሩ ምክንያት ቢጠፋ ሌሎቹ እስኪገኝ ድረስ በይፋ እንዲጠይቁ የሚያስገድድ አንቀጽ ሊያኖሩ ይገባቸዋል።