ሳተላይቷ መቼ ትወድቃለች?

እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ቀን ነው። እኔ የምሰጠው ሁለት ነው፤ ከፈጠነች ይህ፣ ከዘገየች ያ። አንድ ቀን ብቻ ጽፎ የሚያስረክብ ባለሙያ ሲገጥመኝ ፀሐይን አማክሮ የመጣ ይመስለኛል።

የምህዋሩ ሒሳብ እንኳ ብዙም አያስቸግርም። በቀን ስንት ጊዜ መሬትን እንደምትዞር ማየት ነው። 15.5 ዙር ከሆነ 415 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 16 ከሆነ ወደ 275 ወርዳለች፤ 16.4 ከገባች የቀራት ጥቂት ቢሆን ነው። አየር እየጎተታት ፍጥነት መጨመሯ ጀማሪን ግራ ያጋባል፤ ግን ዝቅ ባለች ቁጥር ዙሯ ይጠብባል፣ ሩጫዋም ይፈጥናል።

ጣጣው ያለው አየሩ ላይ ነው። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደቷ ስትነቃ የላይኛው ከባቢ አየር ይሞቅና ያብጣል፤ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ጥግግቱ በአሥር እጥፍ ያህል ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ የሳተላይት ዕድሜ ስንገምት የምንገምተው የፀሐይን ጠባይ ነው። ስካይላብ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የመጠቀው ይህ የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ እስከ 1983 አካባቢ ይቆያል ተብሎ ነበር፤ እስከዚያ ተመላላሹ የጠፈር መንኮራኩር (ስፔስ ሸትል) ደርሶ ሽቅብ ይገፋዋል የሚል ተስፋም ነበር። ፀሐይ ከተገመተው በላይ ነቃች፤ ጣቢያው ሐምሌ 1979 የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ተበተነ። የመጀመሪያዋ ስፔስ ሸትል የበረረችው በ1981 ነው።

ከፍ ካሉ ግን ችኮላ የለም። የኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የወጣችው፤ እዚያ ዕድሜ የሚቆጠረው በአሥርት ዓመታት ነው።

ከአየሩ ሌላ የሳተላይቷ ክብደትና ስፋትም አለ። መቆጣጠሪያ አጥታ የምትንከባለል ሳተላይት አንዴ በጠርዟ፣ አንዴ በሙሉ ገጿ አየሩን ትመታለች፤ አማካዩን ወስዶ ማለፍ ነው።

የመጨረሻው ቀን ከሁሉ ይብሳል። በሙያው ልማድ ከቀሪው ጊዜ 20 በመቶ ያህሉን ለስህተት እንተዋለን። አንድ ቀን ሲቀራት ይህ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በአምስት ሰዓት ደግሞ መሬትን ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ስለዚህ "የት?" ለሚለኝ የምነግረው የማትደርስበትን ነው። የቻይናው የጠፈር ጣቢያ ቲያንጎንግ-1 ምህዋሩ በ43 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ስለነበር ከዚያ በላይ በሰሜንም በደቡብም ያለው ሁሉ ሥጋት አልነበረበትም። ኢትዮጵያ ከመካከሉ ነበረች። ሚያዝያ 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ደቡብ ፓሲፊክ ላይ ወደቀ።