ከፓሪስ በፊት ሬዩኒየን፦ ስለ አናሳ ሙስሊሞች በሚጻፈው ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ፈረንሳይ ሙስሊሞች የሚጻፉ ድርሳናት ብዙውን ጊዜ የሚነሡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ከተመረቀው የፓሪስ ታላቅ መስጂድ ነው። ሆኖም በሕንድ ውቅያኖስ፣ በፈረንሳይ ግዛት ሬዩኒየን ደሴት፣ ከሕንድ ጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች በሰን ደኒ ከተማ ያሠሩት የኑር ኤ ኢስላም መስጂድ በ1905 ተከፍቶ ነበር።

ጉዳዩ የዓመታት ብልጫ ብቻ አይደለም። ታሪኩን ከፓሪስ የሚጀምር ጸሐፊ አናሳውን ሙስሊም ሁልጊዜ እንደ መጤ ያየዋል፤ ብይኑንም በእንግድነት ላይ ይመሠርታል። የሬዩኒየን ሙስሊሞች ግን ብዙኃኑ ካቶሊክ በሆነበት ደሴት መስጂድና መድረሳ አቁመው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገሩ የአገሩ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት ማኅበረሰቡን አንድ ወጥ አድርጎ ማቅረብ ነው። ጉጃራታውያኑ በደሴቲቱ አጠራር «ዛራብ» ቢባሉም ዐረቦች አይደሉም። እነርሱ በአብዛኛው ሐነፊዮች ሲሆኑ፣ ከኮሞሮስና ከማዮት የመጡት ወንድሞቻቸው ሻፊዒዮች ናቸው። በሁለቱ መዝሀቦች የዐስር ሶላት ወቅት የሚገባበት ሰዓት እንኳ ይለያያል፤ ይህን መሰሉን ጥያቄ «ብዙኃንና አናሳ» የሚለው ክፍፍል አይመልሰውም።

ስለዚህ የአናሳ ሙስሊሞችን ፊቅህ የሚያስተምር መምህር ከቁጥራቸው በፊት ከመቼ ጀምሮ፣ ከእነማን ጋር፣ በየትኛው መዝሀብ እንደሚኖሩ ያስጠና። የጠያቂውን ሁኔታ ያላወቀ ሙፍቲ ትክክለኛ ፈትዋ ሊሰጥ አይችልምና።